ከመርዶው በፊት ያስጎበኘኋቸው እናት

ሲያትል ውስጥ ሰው አስጎበኛለሁ። አንዲት ነጭ ቫን አለችኝ። ሰመር ላይ ግዙፎቹ የመዝናኛ መርከቦች ወደብ ሲቆሙ ከየአገሩ የመጣ ቱሪስት እጭናለሁ፤ በቀረው ጊዜ ደንበኞቼ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከአገር ቤት የሚመጡ እናቶችና አባቶች ናቸው። ልጆቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ወላጆቻቸውን የሚያዞሩበት ቀን የላቸውም። ስለዚህ እኔን ኮል ያደርጋሉ። እኔም ከተማው የሚታወቅበትን ረዥም ግንብ፣ ገበያውን፣ ባሕሩን አሳይቼ፣ ምሳ አብልቼ፣ ፎቶ አንስቼ ማታ ወደ ቤታቸው እመልሳቸዋለሁ።

ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲደርስብኝ ሥራውን ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። ከዚያ በፊት ከሲያትል አጠገብ ባለችው ኬንት ከተማ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳነሳና ሳስቀምጥ ነበር የምኖረው። ቱር ስጀምር ከእስር የተፈታሁ መሰለኝ። ወደ እኔ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሊደሰት የሚመጣ ነው፤ እኔም ቀልድና ወሬ አላጣም። ሐዘን ላይ ግን አልሆንም። ለቅሶ ቤት ስገባ እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም። መርዶ የሚባለውማ ጭራሽ አይገባኝም ነበር። ሞትን ደብቆ፣ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ በር ማንኳኳት የኋላ ቀር ሥራ ይመስለኝ ነበር። ስልክ በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ባለበት ዘመን ለምን አይነገርም እያልኩ የተከራከርኩበት ጊዜ አለ።

አንድ ቀን ብሩክ የሚባል ሰው ደወለልኝ። በአካል አላውቀውም። ኬንት የሚኖር የትራክ ሾፌር ነው።

«እናቴ ልትመጣ ነው» አለኝ። «ለአንድ ቀን ቫንህን ልያዝ። እኔም አብሬያችሁ እውላለሁ፤ ኦፍ ወስጃለሁ።»

«ምን ማየት ይወዳሉ?»

«ሁሉንም አሳያት። ፌሪውን ግን መጨረሻ ላይ አድርግልኝ፣ እባክህ። መሃል ባሕር ላይ እንድትቆም ነው የምፈልገው።»

ስለ እናቱ ብዙ አወራኝ። የሥራ ስልክ መሆኑን ረስቼ እኔም ስለ እናቴ አወራሁት። ስንጨርስ ቁጥሩን «ብሩክ የእናቱ ቱር» ብዬ መዘገብኩት።

ከቱሩ ቀን ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ።

«ራሔል እባላለሁ፤ የብሩክ እህት ነኝ» አለች ቀጭን ድምፅ። እናታቸው በደኅና ገቡ እንደሆነ ጠየቅኋት። እሷ ግን «አጠገብህ ሰው አለ?» አለችኝ።

ብቻዬን ነበርኩ። ነገረችኝ። ብሩክ ከሥራ ገብቶ ተኝቶ ጠዋት አልተነሳም። አብሮት የሚኖረው ልጅ ነው ያገኘው። እናታቸው ያኔ አየር ላይ ነበሩ።

«ዛሬ ማታ ትገባለች» አለች ራሔል። «አጎታችን ከዴንቨር እስከ ነገ ማታ ይደርሳል። ሽማግሌዎቹ መርዶው ከነገ ወዲያ ጎህ ሲቀድ ይሁን ብለዋል። ግፊት አለባት፤ ሌሊቱን አርፋ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ነርስም ባለበት እንዲሆን ነው። ሶ ብሩክ ሎድ ይዞ ሞንታና ሄዷል ነው የምንላት። ግን ነገ ቀኑን ሙሉ ቤት ከዋለች እኔ አልችልም። ፊቴን ታነበዋለች። ደግሞ ሳያውቅ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ቱሩን አሳያትልኝ።»

«እኔ መዋሸት አልችልበትም» አልኳት።

«መዋሸት የለብህም። ስለ ከተማው ብቻ አውራላት።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ አፌ ግን እሺ አለ። ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ቢከን ሂል የሚባል ሰፈር፣ ራሔል ቤት ደጃፍ ቆምኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እዚህ ከተማ ደመናው ተገፎ ራይኒየር ተራራ ሲታይ «ዛሬ ተራራው ወጥቷል» እንላለን፤ ያን ቀን ተራራው ወጥቶ ነበር። ራሔል ጥቁር መነጽር አድርጋ እናቷን ደግፋ አመጣቻቸው። ጉንፋን ይዞኛል ብላቸዋለች። የስድስት ዓመት ልጇ ነገሩ ከአፏ እንዳያመልጣት ጎረቤት ቤት ተልካለች።

እትዬ አስካለ ረዥም፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴትዮ ናቸው። ከሹራባቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገዋል፤ እግራቸው ላይ ገና ያልቆሸሸ የስፖርት ጫማ። «ብሩክ ነው የላከልኝ። ብዙ መራመድ አለ ብሎኝ» አሉ ጫማውን ሳየው አይተው። ከኋላ ላስቀምጣቸው ስል እምቢ ብለው ከፊት ተቀመጡ። የራሔልን ጉንጭ ሳሙ፣ በመዳፋቸው ግንባሯን ነኩ። «ትኩሳት የለብሽም» አሏት። ራሔል ወደ ቤት ተመለሰች።

መንገድ እንደጀመርን «ሞንታና የት ነው?» አሉኝ።

«በምሥራቅ በኩል ነው እማማ። ሩቅ ነው።»

«ስልክ የለበትም?»

«ተራራው መሃል ኔትወርክ አይይዝም።»

ይህ እውነት ነው። ሞንታና ሩቅ ነው፤ ተራራው መሃል ኔትወርክ አይይዝም። ያን ቀን ጠዋት አንድም የሐሰት ቃል አልተናገርኩም፤ ቢሆንም በተናገርኩ ቁጥር አፌ ውስጥ ብረት ብረት ይለኝ ነበር።

መጀመሪያ የወሰድኳቸው ከተማው ሁሉ ከታች ወደሚታይበት ኮረብታ ነው። ግንቡ፣ ፎቆቹ፣ ወደቡ ላይ የቆሙት ነጫጭ መርከቦች፣ ከሁሉ በስተኋላ ተራራው። ጎብኚ እዚያ ሲደርስ ዝም ይላል፤ ያን ዝምታ እወደው ነበር። እትዬ አስካለም ዝም አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው አጥሩን ተደግፈው ቆሙና «አንሳኝ» አሉ። አነሳኋቸው። ሳቅ ብለዋል። ነፋሱ የነጠላውን ጫፍ ይዞታል። ቆንጆ ፎቶ ነበር።

«ለብሩክ ላክለት» አሉ።

«ኔትወርክ...»

«ሲያገኝ ያየዋል። አሁን ላክለት፤ ባልመጣም እናቴ ደርሳለች ይበል።»

አጠገቤ ቆመው ስልኬን ያያሉ። ስሙን ፈልጌ አወጣሁት፤ ፎቶውን ላክሁት። «ሄደ?» አሉ። «ሄደ» አልኩ። የሞተ ሰው ስልክ ላይ የእናቱን ሳቅ የላክሁ እኔ ነኝ። ጣቴ እስከ ዛሬ ያን መንካት ያስታውሰዋል።

ገበያው ስንሄድ ዓሣ ሻጮቹ እንደ ልማዳቸው ትልልቁን ዓሣ ከወዲያ ወዲህ እየተወራወሩ ይጮኻሉ። ሰው ያጨበጭባል። እኔም የተለመደውን ወሬዬን ጀመርኩ፤ ግማሹ ላይ ተውኩት። እትዬ አስካለ ወደ ዓሣው ሳይሆን ወደ ሰዉ ነበር የሚያዩት። ፊቱን ሁሉ በየተራ ያዩ ነበር። አንድ ጠይም ረዥም ልጅ ቦርሳ አዝሎ ሲያልፍ አንገታቸው ተከተለው። ከዚያ «ፈጥኖ ነው የሚራመደው፣ እንደ ብሩክ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ከገበያው ወደ አልካይ የባሕር ዳርቻ ለመሄድ ረዥሙን ድልድይ ያዝን። በስተግራችን ሶዶ በሚሉት የከተማው ሰፈር ያሉ መጋዘኖችና ጣራዎች፣ በስተቀኛችን የወደቡ ቀያይ ክሬኖች። ድልድዩ መሃል ስንደርስ ስልኬ ጮኸ። ስልኬ ከመኪናው ጋር ይያያዛል፤ ከመሪው አጠገብ ያለው ሰፊ ስክሪን በራ።

«ብሩክ የእናቱ ቱር» ይላል።

ቫኗ ከመስመሯ ወጣ አለች መሰለኝ፤ ከኋላ አንድ መኪና ክላክስ አደረገብኝ። ከሙታን ስልክ የተደወለለት ሰው ምን እንደሚሰማው ከዚያ በፊት ብትጠይቁኝ እስቅባችሁ ነበር።

«ልጄ ነው» አሉ እትዬ አስካለ ዝግ ብለው። «አንሳው።»

«እማማ፣ ድልድይ ላይ ነን። መቆም አይቻልም።»

«ቁም አላልኩህም። አንሳው።»

ስልኩ ይጮኻል። ዳር ይዞ መቆሚያ የለም፤ መውጫው ገና ነው። እሳቸው እኔን አልጠበቁም። ረዥም ጣታቸውን ዘርግተው አረንጓዴውን ነኩ።

«ሄሎ? ብሩኬ?»

በመኪናው ድምፅ ማጉያ ሁሉ የሰው ትንፋሽ ተሰማ። ቃል የለም። አንዴ ተሳበ፤ መሃል ላይ ተያዘ፤ ተቆራረጠ።

«ሄሎ። እናትህ ነኝ» አሉ።

መስመሩ ተዘጋ።

እትዬ አስካለ ጣታቸውን ቀስ ብለው መለሱና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። የሆነ ነገር እስኪሉ ጠበቅሁ። ለምን አልተናገረም ይላሉ፣ መልሰህ ደውል ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን የወደቡን ክሬኖች ያያሉ። ድልድዩን ጨረስን።

አልካይ ደርሰን ፓርክ አደረግሁና ምሳ ላምጣ ብዬ ወርጄ ወደ ራሔል ደወልኩ። ለመናገር እስኪያቅታት ታለቅስ ነበር። የብሩክ ስልክ እሷ ዘንድ ነው። ለየሰዉ ለመንገር ቁጥር እየፈለገችበት ሳለ የእናቷ ፎቶ እጇ ላይ በራ። ሳቃቸው፣ ጫማቸው። ከድንጋጤዋ የተነሳ በየትኛው ስልክ እንደደወለችልኝ እንኳ አላስተዋለችም። ልትነግረኝ የፈለገችው ሌላ ፎቶ እንዳልልክ ነበር። «ብሩኬ ስትለኝ...» አለችና አልቀጠለችም።

«ሰምተዋል» አልኳት። «ጠርጥረዋል ይመስለኛል። አሁን ላምጣቸው?»

ከወዲያ በኩል የወንድ ድምፅ ተቀበላት። አንድ ሽማግሌ ናቸው። «ልጄ፣ በምንም ምክንያት እንዳትናገር። መንገድ ላይ ብቻቸውን ይዘህ ቢወድቁብህስ? አጎትየው እስኪገባ ያዝልን። አደራ።»

ስመለስ እትዬ አስካለ ከቫኗ ወርደው ከባሕሩ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዳርቻው ላይ ወጣቶች ኳስ ይጫወታሉ፤ ብስክሌት ይነዳሉ፤ አይስክሬም የያዘ ሕፃን እየሮጠ ያልፋል። ያመጣሁትን ድንች ጥብስ ወሰዱ፤ ለርግብ ሰጡት።

«ብሩክ የት የት ውሰዳት ብሎህ ነበር?» አሉኝ።

«ከዚህ ቀጥሎ ፌሪው ነው። እሱን መጨረሻ ላይ ብሎኛል።»

«እንግዲያስ እንሂድ። ያለውን እናድርግ።»

ፌሪው መኪናውን ከነሰው ነው የሚጭነው። ቫኗን ከታች ፓርክ አድርገን በደረጃ ወደ ላይ ወጣን። ሰዉ ሁሉ ከመስታወቱ ውስጥ ቡና ይዞ ተቀምጧል። እሳቸው ግን ነፋስ ወደሚመታው ወደ ፊተኛው ጫፍ ወጡ። ብርዱ እንዳይጎዳቸው ጃኬቴን አወለቅሁላቸው። እምቢ አላሉም። መርከቡ ወደቡን ለቀቀ። ከተማው ወደ ኋላ ቀረ፤ ሞተሩ ከእግራችን በታች ያጉረመርማል፤ ውኃው ከሁለቱም ወገን ሽሽሽ ይላል።

መሃል ላይ ስንደርስ «አሁን ንገረኝ» አሉ።

«ምን ልንገርዎ እማማ?»

«ልጄ በስልክ ያለህን። ስለ እኔ የነገረህን ሁሉ። ያለውን ብቻ፣ ሳትጨምርበት።»

ስለዚህ ነገርኳቸው። «እናቴ ቴሌ ነበር የምትሠራው፣ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች አለኝ። ድሮ ከውጭ አገር የሚመጣ ጥሪ ሁሉ በእሷ እጅ ነበር የሚያልፈው አለኝ። ልጅ ሆኜ መሥሪያ ቤቷ ስትወስደኝ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጋ፣ መስመሩ ውስጥ ሽሽ የሚለውን ታሰማኝና 'ይኼ ባሕሩ ነው፤ ሰዎቹ ከማዶ ናቸው' ትለኝ ነበር አለኝ። እሷም እኔም ባሕር አይተን አናውቅም ነበር አለኝ። 'አጠገቧ ቆሜ እውነተኛውን እንድትሰማው ነው' አለኝ።»

አይናቸውን ከውኃው አላነሱም። «ሲነግርህ ይስቅ ነበር?»

«ይስቅ ነበር።»

«ሳል ነበረው?»

«አልነበረውም። ድምፁ ጥሩ ነበር። ደስ ብሎት ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እኔን ሳያዩ መናገር ጀመሩ። ነፋሱ ስለሚወስደው ጠጋ ብዬ ነው የሰማሁት።

«እኔ ስንቱን መርዶ አገናኝቻለሁ መሰለህ። ማዳመጥ ክልክል ነው፤ ግን መስመሩ መያዙን ለማወቅ የመጀመሪያዋን ቃል እንሰማለን። ለደስታ የሚደውል ሰው ስም ነው የሚጠራው። ለመርዶ የሚደውል 'አጠገብሽ ሰው አለ?' ነው የሚለው። ትናንት አውሮፕላን ልቀይር ቁጭ ብዬ ራሔል ደወለችልኝ። 'እማዬ፣ አጠገብሽ ሐበሻ አለ?' አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ አየሩ ነው ያወራችው።»

አፌን ልከፍት ስል እጃቸውን አነሱ።

«ዝም በል፤ መልስ አልጠየቅሁህም። አደራ እንዳለብህ አውቃለሁ። ቅድምም ያ ትንፋሽ... የልጆቼን ትንፋሽ አውቃለሁ። የሁለቱንም።»

«እማማ፣ ቤት ልመልስዎት?»

«አትመልሰኝ። እነሱ የሚሆኑትን ሲሆኑ እያየሁ ነው። ሰው ጠርተው፣ ወንድሜን ጠብቀው፣ ሊይዙኝ እየተሰናዱ ነው። ቀድሜ ብወድቅ ማን ይይዘኛል? ይህች ልጅ ብቻዋን ትይዘኛለች? ይንገሩኝ። ሥርዓቱን አልቀማቸውም። አንተም የተናገርኩትን እዚሁ ተወው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው እጄን ያዙ። እጃቸው እንደ በረዶ ነበር። «እስከዚያ ግን ትንሽ አዙረኝ። ዛሬን የብሩክ እናት ሆኜ ልዋል።»

ከማዶ ያለው ደሴት ስንደርስ ቫኗን አውርጄ እዚያው የመመለሻውን ወረፋ ያዝኩ። በዚያው መርከብ ተመለስን። የመልስ ጉዞውን ሁሉ ቆመው ነበር። አንዳንዴ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ለማን እንደሚያወሩ አልጠየቅሁም፤ ግን በስተግራቸው ሰው የሚቆምበትን ያህል ቦታ ትተው ነበር የቆሙት፤ ሌላ ጎብኚ ፎቶ ሊያነሳ እዚያ ሊገባ ሲል ሳይታወቀኝ እጄን ዘርግቼ ከለከልኩት።

ማምሻውን ቤት አደረስኳቸው። ራት ቀርቦ ነበር። ጋሽ ግርማ የሚባሉት አጎት ገና አልደረሱም። እኔም ብላ ተብዬ ተቀመጥኩ። እትዬ አስካለ ስለ ዓሣው፣ ስለ ግንቡ አወሩ። ራሔል መነጽሯን ሳታወልቅ ትሰማለች። እትዬ አስካለ ጥቂት ቀመሱና ሰሐኑን ገፋ አድርገው «ይህን ለብሩክ ክደኚለት፤ መንገደኛ ሲገባ ይርበዋል» አሏት።

ራሔል ሰሐኑን ይዛ ወደ ኩሽና ገባች። ቧንቧው ተከፈተ፤ ብዙ ጊዜ ሳይዘጋ ቆየ። እናትየው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው የውኃውን ድምፅ ይሰማሉ። ሁለቱ አንዳቸው ለአንዳቸው ሲሉ እየተደባበቁ እንደሆነ፣ የሁለቱንም የማውቀው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ሳስብ ያነሳሁትን ጉርሻ መልሼ ሰሐኑ ላይ አስቀመጥኩ። ስወጣ እትዬ አስካለ በር ድረስ ሸኙኝ። «ጠዋት ና» አሉኝ ቀስ ብለው።

ሄድኩ። ጎህ ሲቀድ መንገዱ ግራና ቀኝ በመኪና ተሞልቷል። ሰዉ በሩን በቀስታ እየዘጋ ይወርዳል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፤ ማንም አይናገርም። ውሻውን ይዞ የወጣ ፈረንጅ ጎረቤት ቆሞ አየንና መንገድ ቀይሮ ሄደ። ቄሱና ጋሽ ግርማ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ሆነን ገባን።

እትዬ አስካለ ለብሰው፣ አልጋቸውን አንጥፈው ጫፉ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ሰዉን አዩ። ጋሽ ግርማ ተንበርክከው እጃቸውን ያዙ። «አስካልዬ፣ እኅቴ፣ በርቺ። እግዚአብሔር የሰጠውን ወሰደ። ብሩክ አርፏል።»

ያውቃሉ ብዬ ነበር። ከሁላችን በፊት አውቀዋል፤ ቀስ ብለው ያለቅሳሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ከዚያ ሴት የወጣውን ድምፅ ግን በቃል ልጽፈው አልችልም። ከአልጋው ተነስተው በሰዉ መሃል አለፉ። እኔን ይፈልጉ ነበር። አገኙኝና የሸሚዜን ደረት በሁለት እጃቸው ጨመደዱ።

«አንተ ልጅ፣ ንገራቸው እንጂ። ትናንት ደውሎ የለም? ስሙን አይተን የለም? ንገራቸው፣ ደውሎልሃል።»

ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ፊታቸውን በቅርብ አየሁት። ማስመሰል አልነበረም። ትናንት መርከቡ ላይ ሁሉን የነገሩኝ ሴትዮ አልነበሩም። አይናቸው ውስጥ እኔ አዎ ብል የሚያምን ሰው ነበር። አዎ ልላቸው ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከንፈሬ ተከፍቶ ነበር።

ራሔል ከኋላ መጥታ እናቷን ወገባቸውን አቀፈቻቸው። «እኔ ነኝ እማዬ» አለች። «በሱ ስልክ የደወልኩት እኔ ነኝ።»

ያኔ ነው የወደቁት። ብዙ እጅ ነበር። አንድም ሳይቀር ያዛቸው። እኔም፣ እጄን የት እንደማደርገው የማላውቀው ሰው፣ ክንዳቸውን ይዤ ነበር።

ለቅሶው በተቀመጠበት ጊዜ በየቀኑ ሄድኩ። ሰው ከኤርፖርት አመጣሁ፣ ወንበር አጓጓዝኩ። ሬሳውን ይዘው ወደ አገር ቤት ሊመለሱ ሲሉ ጥግ ላይ ብቻቸውን አገኘኋቸውና የሚከነክነኝን ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ያውቁ ነበር አይደል?»

«አውቅ ነበር» አሉ። «ግን ሰው እስኪነግርህ ድረስ 'ተሳስቼ ይሆናል' የምትል ቀጭን ነገር ትቀራለች። ከማወቅ ጋር አብራ ትቀመጣለች። እሷን ይዤ ነው የዋልኩት፤ የነገሩኝ ቀን ነው የነጠቁኝ።» ጥቂት አሰቡና «ስለዋልኩባት ደስ ይለኛል» አሉ።

አሁን እናንተን የማናግርበት ቦታ ላይ ደረስኩ። ይህን ስታነቡ ምናልባት መደበቃቸው ስሕተት ነው የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እኔም ድሮ እንደዚያ እል ነበር። አሁን እንደዚያ አልልም። ትክክል ነው ማለትም አልቻልኩም። እናትና ልጅ አንድ ጣሪያ ሥር ለየብቻቸው ሲታፈኑ አይቻለሁ። ያ ሁሉ እጅ ባንድ ጊዜ ሲዘረጋም አይቻለሁ።

ሥራዬን አልተውኩም። ዛሬም ፌሪው ላይ ጎብኚ እወስዳለሁ። ፊተኛው ጫፍ ላይ ግን አልቆምም፤ ሰዉ እዚያ ሲሄድ ከመስታወቱ ውስጥ ሆኜ እጠብቃለሁ። ወሬዬም ቀንሷል። አንዲት እናት ልጇ ለምን አብሯት እንዳልመጣ ስትነግረኝ፣ ሥራ ይዞት ነው ስትል፣ ፊቷን ሳላይ አላልፍም።

ከሐዘኑ በኋላ በነበረው ሳምንት አዲስ አበባ ላለው ታላቅ ወንድሜ ደወልኩ። ለእናታችን የሚቀርበው እሱ ነው። «አንድ ነገር ቢሆን እንዳትደብቀኝ» አልኩት። «ሽማግሌ እንዳትልክብኝ። አንተ ራስህ፣ ወዲያው፣ በስልክ።» «እሺ» አለኝ።

ያን ጊዜ ትልቅ ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን የወንድሜ ስም ስልኬ ላይ በበራ ቁጥር ያንን «እሺ» ነው የምሰማው። በእኔና በመርዶው መካከል የሚቆም ሰው አላስቀረሁም። ስለ ዝናብ ሊያወራኝ ይሆናል፣ ስለ ልጆቹ ይሆናል። እኔ ግን ወዲያው አላነሳም፤ መጀመሪያ መኪናዬን ዳር አቆማለሁ፤ ግራና ቀኜን አያለሁ፤ አጠገቤ የሚሆን ሰው እፈልጋለሁ። ቃሌን ልሽርና ተወው ልለው ስንት ጊዜ ተነስቻለሁ። እስከ ዛሬ አልደወልኩለትም።